ጅራት ያላት ጥቁርና ነጭ ቢራቢሮ፦ ማን ናት? ቦታዋስ ይነገር?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ ካሉት የቡና ደኖች በአንዱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ በደመናው መሀል ብቅ ጥልቅ በምትልበት ሰሞን ያነሣኋቸውን ሦስት ፎቶዎች አያይዣለሁ። ቢራቢሮዋ የወፍ ቆሎ አበባ ላይ አርፋለች። የፊት ክንፏ ጥቁር ነው፤ ጫፉ አካባቢ ነጭ ነጠብጣብ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ነጭ መደብ አለው። የኋላ ክንፏ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ በጥቁር ተከቧል። መልኳን ብቻ ያየ ሰው አማውሪስ ኒያቪየስ ናት ብሎ ያልፋታል። አማውሪስ ኒያቪየስ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የምትገኝ፣ ወፎች መራራነቷን አውቀው የሚተዋት ቢራቢሮ ናት። የዚችኛዋ የኋላ ክንፍ ጫፍ ላይ ግን ግራና ቀኝ ጅራት አለ። አማውሪስ ጅራት የላትም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ይህች የፓፒሊዮ ዳርዳነስ ሴት ናት፤ የእኛው አገር ዘር፣ አንቲኖሪ የሚባለው። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በብዙ ቦታ አለ። ወንዱ የትም ቢሆን ያው ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር፣ ጅራታም። ሴቷ ግን በየአካባቢው መራራ ቢራቢሮዎችን እየመሰለች መልኳን ትለዋውጣለች። የምትመስላቸው ቢራቢሮዎች ጅራት ስለሌላቸው በአብዛኛው የአህጉሩ ክፍል እሷም ጅራቷን ትታለች። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ያሉት ሴቶች ግን አብዛኞቹ ቁርጥ ወንዱን ናቸው፤ ጥቂቶቹ ብቻ የመራራዎቹን ቀለም ይለብሳሉ፤ ለብሰውም ጅራታቸውን አይተውም። እነዚህን ጥቂቶች ሜዳ ላይ አግኝቶ ፎቶ ማንሣት የብዙዎቻችን ምኞት ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ማንነቷን በትክክል ለይቻለሁ ወይ? ሌላ ጊዜ ባገኛት እንዴት ባነሣት ይሻላል? ቦታውንስ በግልጽ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

መልሶቹ እንዲህ ቀጠሉ። ክሩ፣ ማለትም ይህ የመልሶች ሰንሰለት፣ ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች ፍሬ ነገራቸውን በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ።

ቁጥር 1። የመጀመሪያው መልስ ከአዲስ አበባ ነው። ፎቶዎቹን ካደነቀ በኋላ ጅራት ያልኩት ነገር ከኋላ ያለ ቅጠል ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። የክንፏን የታች ገጽ የሚያሳይ ፎቶ ካለ እንድጨምርም ለመነ።

ቁጥር 2። አንዲት እናት ሐዋሳ ከግቢያቸው የሎሚ ዛፍ ላይ ያነሡትን ፎቶ ለጠፉ። ይህችው ቢራቢሮ በየዓመቱ እንደምትመጣባቸው፣ ትሎቿም የሎሚውን ለጋ ቅጠል ሙልጭ አድርገው እንደሚበሉባቸው ጽፈው፣ ብርቅ የተባለችው ለምን እንደሆነ ግራ እንደገባቸው ነገሩን።

ቁጥር 3። ወንዶ ገነት አካባቢ ያደገ ልጅ እኚህን እናት በአክብሮት አረማቸው። የእርሳቸው ቢራቢሮ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ናት፤ ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የበዛባት፣ የኋላ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ የዓይን ምልክት ያላት፣ ጅራት የሌላት። በየሎሚውና በየብርቱካኑ ዛፍ የምትገኝ የተለመደች ናት። ይሁን እንጂ የሁለቱ ዝምድና ቅርብ ነው አለ፤ ሁለቱም የሎሚን ቤተሰብ ተክሎች የሚበሉ ናቸው። ዳርዳነስ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከሚበላቸው አንዱ ልምጭ ነው፤ ያው ለጥርስ መፋቂያ የምንቆርጠው፣ ቅጠሉን ሲያሹት የሚሸተው ቁጥቋጦ። ልጁ አያይዞ ትሉን እንዴት እንደምናውቀው አስረዳ። ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ ሁለት ቀንድ የመሰለ ለስላሳ ነገር አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። እናትየው ደግሞ ያንን ቀንድ ልጆቻቸው እየነካኩ እንደሚጫወቱበት ጨመሩና ክሩ ለጥቂት ጊዜ ስለ ሎሚ ዛፍ ሆነ።

ቁጥር 4። ይህን መልስ የጻፉት ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው፤ ከሁሉም ብዙ የተማርኩበትም እርሱ ነው። ክንፉን ተዉትና እግሩን ቁጠሩ አሉን። አማውሪስ የምትመደብበት ቤተሰብ የፊት እግሮቹ አጥረውና ብሩሽ መስለው ደረት ላይ ተጣጥፈው የሚቀሩ ስለሆኑ ቆሞ የሚታየው በአራት እግር ነው። የፓፒሊዮ ቤተሰብ ግን ስድስቱም እግሮቹ ሙሉ ናቸው፤ በስድስቱም ይቆማል። ቀለም ያታልላል፤ ጅራትም በወፍ ንክሻ ወይም በእሾህ ሊቆረጥ ይችላል፤ እግር ግን አያታልልም። ስለዚህ ሁለተኛውን ፎቶ አጉልቼ፣ አበባው ላይ የቆመችበትን ቦታ ቆርጬ እንዳሳያቸው አዘዙኝ።

እግረ መንገዳቸውንም ታሪኩን ነገሩን። ስሙ የተወሰደው ከኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። አንቲኖሪ የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ሰው ሲሆን፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንኮበር አጠገብ በሰጡት ጣቢያ ተቀምጦ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሻርል ኦበርቱር ቢራቢሮውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ስሙን በእርሱ ሰየመው። መምህሩ ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ስለ ሮላንድ ትራይመን ጻፉ። ትራይመን ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። የተለያየ ስም ተሰጥቷቸው እንደ ተለያዩ ዝርያዎች ሲቆጠሩ የነበሩት ሴቶች ሁሉ የአንዱ የቢጫው ወንድ ሴቶች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1869 አሳየ። ብዙ ሰው አላምን ብሎት ነበር፤ ቢጫ ጅራታም ወንድና ጥቁርና ነጭ ጅራት አልባ ሴት ባልና ሚስት ናቸው ብሎ መቀበል ቀላል አይደለምና። መምህሩ ከዚህ አንድ ምክር አወጡልን፦ ቢጫው ወንድና ቀለም የለወጠችው ሴት ተጣምረው ሳሉ የሚያሳይ ፎቶ ያገኘ ሰው ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

ቁጥር 5። ይህ የእኔ መልስ ነው። ፎቶውን ቆርጬ አስገባሁ። አበባዋ ከትናንሽ አበቦች የተሰበሰበች ክብ ናት፤ ቢጫና ሐምራዊ። ቢራቢሮዋ ምላሷን ከመሀሏ አስገብታ ቆማለች። በቀኝ በኩል ሦስት እግሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ፊት ተዘርግቶ የአበባዋን ጠርዝ ይዟል። በግራ በኩል ሁለት ይታያሉ፤ ስድስተኛው ከአበባው ጀርባ ተደብቋል። ሆኖም አምስተኛ እግር ከቆመ አማውሪስ ልትሆን አትችልም። መምህሩ ወዲያው ተስማሙ፤ የወንዶ ገነቱም ልጅ ደስታውን ገለጸ።

ቁጥር 6። እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ ገባና የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ዘንድሮ የስልክ ካሜራ ያላየውን ጠርዝ ራሱ እየሳለ ይሞላል፤ ቀጭን ቅርንጫፍን ጅራት፣ የአበባ ዘንግን እግር ሊያስመስል ይችላል አለ። ካሜራው ያልነካካው ጥሬው ፋይል ሳይቀርብ እልል ማለታችን የሚያሳፍር ነው ሲልም ጨመረበት። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ነጥቡ እውነት ነው፤ በስልክ በሩቁ አጉልተን ያነሣነውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ይገባናል። እኔ የተጠቀምኩት ካሜራ ስለሆነ ጥሬውን ፋይል ለእርሱም ለመምህሩም ላክሁ።

ቁጥር 7። አንድ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ለብቻው ይዞ ረጅም መልስ ሰጠ። ሠርግ እያነሣ የሚኖር፣ በትርፍ ጊዜው ጫካ የሚገባ ሰው ነው። ማባረር ዋጋ የለውም አለ። የዳርዳነስ ወንድ በደን ዳር በአንድ መስመር ሲመላለስ ይውላል፤ ስለዚህ መስመሩን አጥንቶ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ሴቷ ቀስ ብላ ስለምትበርና ጥላ ስለምትወድ የምትገኘው አበባ ላይ ወይም እንቁላል ልትጥል ቅጠል ስትመርጥ ነው። ጠዋት ደመናው ገፈፍ ሲል፣ ሰውነቷ ገና ሳይሞቅ፣ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ያቺ ሰዓት አታምልጣችሁ።

አቀራረቡንም አስተማረን። ጥላችሁ አይረፍባት፤ ጥላ ካረፈባት አለቀ። ምላሷን አበባው ውስጥ ስታስገባ አንድ እርምጃ፣ ስታወጣ ቀጥ። ከፍ ብላችሁ አትቅረቡ፤ ዝቅ በሉ። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ ፎቶ ያዙ፤ ብትሄድም ማስረጃ ይቀራል። ከዚያ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ያለው ይቅረብ፤ የሌለው በረጅም ሌንስ ከሩቅ ይሥራ። ሹተር (የካሜራው መክፈቻ ፍጥነት) ላረፈችው 1/500 ሰከንድ፣ ለበረራ 1/2000ና ከዚያ በላይ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 አካባቢ፤ ከዚያ ከከፈታችሁት ዓይኗ ጠርቶ ጅራቷ ይደበዝዛል። የካሜራው ፊት ከክንፏ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ያኔ ከጫፍ እስከ ጅራት ሁሉም ይጠራል። ለውበት የሚነሣና ለማስረጃ የሚነሣ ፎቶ ይለያያሉ፤ የጀርባው ብዥታ ያማረለት ፎቶ ብዙ ጊዜ ጅራቱን የበላ ፎቶ ነው። የላይ ገጽ፣ የታች ገጽ፣ እግር፣ የቆመችበት ተክል፤ አራቱ ከተገኙ በቂ ነው አለ። እኔም ይህን መልስ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ቁጥር 8። አንዱ ተነሥቶ ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ በመረብ ይዞ በዕቃ ከትቶ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ነው፤ ስትወጣ ደንዝዛ አበባ ላይ እንዳስቀመጧት ትቆማለች አለ። የሚያስደንቁት የኢንተርኔት ፎቶዎች የሚሠሩት እንዲያ ነው ብሎም መከረን።

ቁጥር 9፣ 10 እና 11። ሦስቱ ተከታትለው ወረዱበት። የመጀመሪያው በእርጋታ፣ የቀዘቀዘች ቢራቢሮ እንደ ወትሮዋ አትቆምም፣ ክንፏም አያያዙ ይለወጣል፣ ፎቶውም ውሸት ይሆናል አለ። ሁለተኛዋ፣ በመረብና በጣት የተያዘች ቢራቢሮ የክንፏ ቅርፊት ይራገፋል፣ ጅራቷም የመጀመሪያው ተሰባሪ ነው፣ የምንፈልገውን ምልክት ራሳችን እናጠፋዋለን ስትል ጻፈች። ሦስተኛው ግን ስድብ ቀረው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ካሜራውን ሸጦ የፕላስቲክ አበባና የፕላስቲክ ቢራቢሮ ይግዛ አለ። የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጠፋ። በቃላቱ ሻካራነት አልስማማም፤ በነገሩ ግን ከሦስቱ ጋር ነኝ። እንቁላሏን ገና ያልጣለች አንዲት ሴት ብትሞት የጠፋው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም።

ቁጥር 12። ነገርን ነገር ያነሣዋል እንዲሉ፣ ሜሪላንድ የምትኖር ነርስ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው፤ እኔ ግን አልተቆጨሁም። ይህ ቢራቢሮ ለእናቶች ሕይወት ባለውለታ መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሲሪል ክላርክ የሊቨርፑል ሐኪም ነበር፤ ቢራቢሮ ማርባት የሚወድ። ከፊሊፕ ሼፓርድ ጋር ሆኖ የተለያዩ አገሮች ዳርዳነሶችን እያዳቀለ የሴቶቹ መልክ እንዴት እንደሚወረስ አጠና። የእኛዎቹ አንቲኖሪዎችም ነበሩበት፤ የእነሱን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትመዋል። ቀለሙን የሚወስነውና ጅራቱን የሚወስነው የዘር መመሪያ የተለያዩ መሆናቸው የታወቀውም በዚያ ሥራ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው የሚወረሱ የዘር መመሪያዎችን ሐሳብ ከቢራቢሮ የለመደው ክላርክ ያንኑ ሐሳብ በሰው ደም፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ በሚያሰኘው በአር ኤች የደም ዓይነት ላይ አየው። ከዚያ የተነሣው ምርምር አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አር ኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ የምትወጋውን መድኃኒት ካስገኙት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ክላርክና አንድ ባልደረባው፣ አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ከሠሩት ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕክምና ምርምር የሚሰጠውን የላስከርን ሽልማት አግኝተዋል። ነርሷ ይህን መርፌ ለብዙ እናቶች እንደወጋችና ከቢራቢሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ስታውቅ እንባ እንደመጣባት ጻፈች።

ቁጥር 13። አንድ አባወራ የባለቤቱ ደም ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን ጠቅሶ መርፌው መቼ እንደሚሰጥ ጠየቀ። ነርሷ፣ በተለምዶ 28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሆኑን ነግራው የእርግዝና ክትትል ወደምታደርግበት ሐኪም ዛሬውኑ እንድትሄድ አሳሰበችው።

ቁጥር 14። አንድ ወጣት አስጎብኚ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ መለሰን። ትክክለኛውን ቦታ፣ የቀበሌውን ስምና የመግቢያውን መንገድ እንድጽፍ ጠየቀ። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ቢራቢሮም እንደሚጠይቁ፣ የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ እንደተመዘገበ፣ የአካባቢው ልጆችም እንጀራ ሊያገኙበት እንደሚገባ አስረዳ። ቅን ጥያቄ ነው፤ እንደ ክፋት አላየሁበትም።

ቁጥር 15። ቀጥላ የመለሰችው እህት ግን ክፋት አየችበት። አስጎብኚውን በቀጥታ፣ አንተ እንግዳ ታመጣለህ፣ እንግዳው መረብ ያመጣል አለችው። አንድ ክፉ ሰብሳቢ ብዙ ፈላጊ ያለውን ቢራቢሮ በኤንቨሎፕ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ሊወጣ ይችላል፤ ፈታሽም አይጠረጥረውም። የአገሪቱን ጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተከለከለ መሆኑን፣ ፈቃድ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሆኑን ጠቅሳ፣ ቦታ የሚያወጣ ሰው የሌባ ተባባሪ ነው ብላ ደመደመች። አስጎብኚው ተቀየመ፤ ሌባ የሚያሰኘው ምን እንደተናገረ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ ማንም ሰው በጥያቄው ብቻ ሊፈረድበት አይገባም።

ቁጥር 16። እንግሊዝ አገር የሚኖር ወገናችን የሁለቱን ጠብ ለማብረድ የዚያን አገር ታሪክ አመጣ። ትልቁ ሰማያዊ የሚሉት ቢራቢሮ ትሉ የሚያድገው በአንድ የጉንዳን ዓይነት ጎጆ ውስጥ ነው፤ ጉንዳኖቹ የራሳቸው ልጅ መስሏቸው ይዘውት ይገባሉ፣ እሱም እጮቻቸውን ይበላል። ያ ጉንዳን ሣሩ አጭር፣ መሬቱም ሙቅ ካልሆነ አይኖርም። ከብት መሰማራቱ ሲቀንስና ጥንቸሎቹም በበሽታ ሲያልቁ ሣሩ አደገ፣ መሬቱ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑ ሄደ፣ ቢራቢሮውም እ.ኤ.አ. በ1979 ከአገሪቱ ጠፋ። ጄረሚ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ የጉንዳኑን ምሥጢር ካወቀ በኋላ ቢራቢሮው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን መጥቶ እንደገና ለመደ። አሁን ሶመርሴት ውስጥ ኮላርድ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ሕዝብ ሄዶ እንዲያየው ተፈቅዷል። ወገናችን ራሱ ሄዶ በሰኔ ወር አንሥቶታል። ዓይን የበዛበት ቦታ ሌባ ያፍራል ነው ነገሩ። ያም ሆኖ እዚያም ሰው አልጠፋም፤ ይህንኑ ቢራቢሮ ገድሎ የሰበሰበ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈርዶበታል።

ቁጥር 17። ተጠራጣሪው ተመለሰ። የእንግሊዝ ኮረብታ ለካፋ ደን ምሳሌ አይሆንም አለ። እዚያ ጠባቂ አለ፣ አጥር አለ፣ የተሰመረ መንገድ አለ፤ እዚህ ከአንድ ገበሬ በቀር ማንም የለም። ደግሞም የዚያኛው ቢራቢሮ የጠፋው ከብት ስለቀረ ነው፤ የእኛው የደን ነው፣ ከብት ከገባበት ቁጥቋጦው ያልቃል። ልክ ነው፤ ግን ይህን ለማለት ሰውየውን ፈረንጅ አምላኪ ማለት አያስፈልገውም ነበር። ከዚህ በኋላ አራት አምስት አጫጭር መልሶች ተሰዳደቡ፤ አስተናጋጁ አጥፍቷቸዋል፤ እኔም አልመልሳቸውም።

ቁጥር 18። ጠቡን ዝም ያሰኘው የቦንጋ አካባቢ ሰው ነው። የቡና ደን ያላቸው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አጻጻፉ አጭር፣ ቁጣ የሌለበት። ስለ መረብ ታወራላችሁ፣ እኔ መረብ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ገጀራ የያዘ ግን በየቀኑ አያለሁ አለ። የደን ቡና ምርት እንዲሰጥ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ ጥላው ይሳሳል፤ ቡናው እንዲተነፍስ። ሲመነጠር ከሚሄዱት ውስጥ ልምጭ አንዱ ነው። ለገበሬው ልምጭ አረም ነው፤ መፋቂያ ከፈለገ ከአጥር ይቆርጣል። ሴቷ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበት ሲጠፋ ቦታው ተደበቀ አልተደበቀ ለውጥ የለውም። ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ በወንዙ ዳርና በድንበሩ ላይ ያለው ልምጭ እንዲቀር እንዳደረገ፣ ለዚህም ቡናው ምንም እንዳልቀነሰበት ጻፈ።

እኔ በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ስለ ምሥጢር ስንጨቃጨቅ ከቢራቢሮዋ ጋር የሚኖረውን ሰው ማንም አልጠየቀውም ነበር። የቡና ደኑ ባለቤት ልምጩን ከተወው ቢራቢሮዋ ትኖራለች፤ ካልተወው የእኛ ዝምታ አያድናትም።

ቁጥር 19። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ መሀከለኛ መንገድ አሳየን። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል በሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የታየውን ስናስገባ ቦታው ይደብዝዝ የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ያኔ ለሕዝብ የሚታየው ነጥብ 0.2 በ0.2 ዲግሪ በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ የተጣለ ነው፤ ትክክለኛው ግን ለባለቤቱ ተቀምጦ ለተመራማሪ ሊካፈል ይችላል። ቀጥሎ ብዙዎቻችን ያላሰብነውን ነገር ነገረን፦ ስልካችን ፎቶው ውስጥ ቦታውን የሚያሳይ የጂፒኤስ ቁጥር ይጽፋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስንልከው ቁጥሩ ይጠፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን እንደ ፋይል ስንልከው ግን አብሮ ይሄዳል። ቦታ አልናገርም እያሉ ፋይሉን በየቡድኑ መላክ በር ዘግቶ ቁልፉን ውጭ መተው ነው አለ።

ቁጥር 20። ተጠራጣሪው ጥሬውን ፋይል አይቶ ጨረሰ። ጅራቱም እግሩም እውነተኛ መሆኑን ያለ ማንገራገር አረጋገጠ፤ ይህን በግልጽ መጻፉን አከብርለታለሁ። ቀጥሎ ግን ሌላ ክርክር ከፈተ፦ ኒያቪየስን የምትመስለው መልክ ኒያቪዮይዲስ የሚል ስም አላት፤ ፎቶው ላይ ያለው ነጭ መደብ ለዚያ ይበቃል ወይ? መምህሩ ይበቃል አሉ። እርሱ የታች ገጽ ካልታየ አልወስንም አለ። የታች ገጿን የሚያሳየው ፎቶ በንፋስ የደበዘዘ ስለሆነ ክርክሩ በዚሁ ላይ ቆሟል።

ቁጥር 21። ባሌ፣ ሐረና ደን ውስጥ የምትሠራ እህት ቢጫዎቹን ብዙ ጊዜ እንደምታይ ጽፋ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ወንዱን የሚመስሉ ከሆነ ሁለቱን በምን ልለይ ብላ ጠየቀች። የወንዶ ገነቱ ልጅ በጠባይ ለዪአቸው አላት። ጭቃ ላይ ተሰብስበው ውኃ የሚመጡት ባብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ በደን ዳር እየተመላለሱ የሚያስሱትም እነሱው። ቅጠል ቅጠሉን በፊት እግሯ እየነካካች፣ እየቀመሰች የምትሄደውን ካየሽ ግን ሴት ናት፤ ተከተያት፤ ሆዷን አጥፋ ቅጠሉ ላይ አንዲት እንቁላል ስትጥል ታያታለሽ።

ቁጥር 22። አስጎብኚው ተመልሶ ቦታውን መጠየቁን ትቶ የቦንጋውን ሰው ጠየቀው፦ እንግዳ ባመጣ፣ የደኑ ባለቤት አብሮን ቢሄድና የሚከፈለው ለእርሱ ቢሆን ይስማማል ወይ? የቦንጋው ሰው አባቱን እንደሚያናግር፣ ግን ቡና ለቀማው ሳያልቅ ማንም እንዳይመጣ ነገረው። አስጎብኚውን ሌባ ብላው የነበረችውም እህት ይህ ይሻላል ስትል መለሰች።

ቁጥር 23። የመጨረሻው የእኔ ነው። ቦታውን አልጽፍም፤ አይናቹራሊስት ላይ በደበዘዘ ነጥብ አስገብቼዋለሁ፤ ትክክለኛውን ቁጥር መምህሩ ይዘውታል። አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በጌራ፣ በያዩ፣ በካፋ፣ በሐረና ወይም በወፍ ዋሻ ያላችሁ፣ ሴቷ ልምጭ ላይ እንቁላል ስትጥል የሚያሳይ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች፣ ቀኑንና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ጽፋችሁ ከዚህ በታች ለጥፉልን። የቦንጋው ሰው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ሊያነጋግራቸው ይፈልጋል፤ በእጁ ይዞ የሚያሳያቸው ፎቶ ያስፈልገዋል።